ሰኞ የተቆጠረ መንገድ

ጡረታ በወጣሁ በአራተኛው ወር፣ አንድ ማለዳ፣ ከከተማው የመንገድ ቢሮ ሆዳን የምትባል ወጣት መሐንዲስ ደወለችልኝ። ስልኬ ከጮኸ ብዙ ቀን ሆኖት ስለነበር ድምፁ ከጎረቤት የመጣ መስሎኝ ጥቂት ዘገየሁ። እዚህ ጅቡቲ በዕድሜ የገፋ የቢሮ ሰው በፈረንሳይኛው ወግ «ሙሴ» ይባላል፤ እሷም እንደዚያው ጀመረች።

«ሙሴ ታደሰ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። በከተማው መውጫ ያለውን የትልቁን ሱፐርማርኬት መግቢያ የነደፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«በመጀመሪያው ንድፍ ላይ የእግረኛ በር ነበረበት?»

«ነበረበት» አልኳት። ለማሰብ ጊዜ አልወሰድኩም።

በእፎይታ ተነፈሰች። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የሱፐርማርኬቱ ባለቤቶች ሕንፃውን ለማስፋት ፈቃድ ጠይቀዋል። በቀድሞው ንድፍ ላይ የእግረኛ በር ከነበረ ከተማው «መጀመሪያ እሱን ክፈቱ» ብሎ ሊያስገድዳቸው ይችላል፤ ካልነበረ ግን የሚይዘው ነገር የለውም። የከተማው ቅጂ በአንድ የጎርፍ ወቅት ከብዙ ሰነድ ጋር ተበላሽቷል። የእኔ የቀድሞ ቢሮም ፈልጎ አጣሁት ብሏል። በንድፉ ላይ ከፈረሙት ሰዎች ደግሞ በሕይወትም በአገርም ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«አንድ ገጽ ይጻፉልኝ። በሩ ነበረ ብለው ይፈርሙ። ሌላ አልፈልግም።»

«አንድ ሳምንት ስጪኝ።»

«ለአንድ ገጽ?»

«ለአንድ ገጽ።»

ሳምንቱን የለመንኩት ስልኩን ከመዝጋቴ በፊት ጥርጣሬ ስለያዘኝ ነው። በሩን በአእምሮዬ ሳየው ከልክ በላይ ጥርት ብሎ ታየኝ፦ በእርሳስ የተሣለ፣ አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው፣ አንዲት ደረጃ የቀደመችው። ዕድሜውን በንድፍ ላይ የጨረሰ ሰው ደግሞ እጅግ የጠራ መስመር ሲያይ ይጠረጥራል። ትክክለኛው ንድፍ አብዛኛውን ጊዜ እድፍ አለበት።

ስለዚህ ያን ሳምንት የሥራ ዘመኔን ከሥር መሠረቱ ተመለስኩበት። ይህንም ጽሑፍ የጀመርኩት ያኔ ነው። ከዚህ በታች የምለውን አንባቢ በዚሁ ጥርጣሬ ይቀበለኝ፤ የሰዎቹን ቃል እንደ ሰማሁት ለመጻፍ ብጥርም፣ የሰማሁትና በኋላ የጨመርኩት አንዳንዴ ተቀላቅለውብኛል።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲቪል ምሕንድስና ተምሬ ስወጣ የተመደብኩት በአፋር ዝቅተኛ ምድር የጠጠር መንገድ ሥራ ላይ ነበር። የመጀመሪያው አለቃዬ መልካም ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን በሕይወታቸው የሚያውቁት አንድ ቁጥር ብቻ ነው፦ በዚህ ወር ስንት ኪሎ ሜትር ተነጠፈ። መንገዱ ላይ ማን እንደሚሄድ ጠይቀው አያውቁም። እኔም አልጠየቅኩም። ከዚያ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የጭነት መንገድ ሲታደስ ከተሳቢዎቹ ጋር አብሬ ወረድኩ ማለት ይቻላል። በጅቡቲ ከተማ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር ያለ አንድ አማካሪ ቢሮ ቀጠረኝ። ደመወዙ ከአገር ቤቱ የተሻለ ነበር፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ጋቦዴ በሚባል ሰፈር ቤት ተከራየሁ፤ አሁንም እዚያው ነኝ።

ባለቤቴ ሮማን ድሬዳዋ መምህርት ስለነበረች ሥራዋን ጥላ አልመጣችም። ቀዝቀዝ በሚሉት ወራት ትመጣለች፤ ካምሲን የሚሉት የበጋ ትኩስ ነፋስ ሳይነሣ ትመለሳለች። ልጅ አልወለድንም። ከስድስት ዓመት በፊት ሞተች። ከዚያ ወዲህ በአራት ቋንቋ መናገር ችዬ በአንዱም ቢሆን ቤት ውስጥ የማወራው ሰው የለኝም።

ሥራውን ያስተማረኝ ዩኒቨርሲቲው አይደለም፤ ጋሽ አበራ ነው። ጋሽ አበራ የቢሮው ቀያሽ ነበር። አባቱ የባቡር ሠራተኛ ስለነበር ድሬዳዋ ጣቢያው አጠገብ አድጓል፤ ፈረንሳይኛውም ሶማሊኛውም ኦሮምኛውም ከዚያው የተለቀሙ ናቸው። ዲግሪ አልነበረውም፤ ይህንንም በየጊዜው ያስታውሰኝ ነበር።

«አንተ የተማርክ ነህ፤ እኔ የሄድኩ ነኝ» ይለኝ ነበር።

አንድ መንገድ ከመነደፉ በፊት ጋሽ አበራ በዚያ ቦታ በእግሩ ይሄድ ነበር። ባዶ እጁን አይሄድም። ሰፈሩ ውኃ የሚቀዳበት ከሆነ ጀሪካን ይሸከማል፤ ገበያ ከሆነ ከረጢት ያነግታል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «ባዶ ሰው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ የተሸከመ ሰው ነው መንገዱን የሚያውቀው» አለኝ። ከዚያ ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላው ልማዱ ነው። ሰዎች ሸክማቸውን የሚያሳርፉበትን ቦታ ይፈልጋል። ግንብ ጥግ፣ ድንጋይ ላይ፣ የተደለደለች አፈር ላይ ቆሞ ያያል፤ «እዚህ ያሳርፋሉ» ብሎ ነጥብ ያደርጋል። ሁለት የማሳረፊያ ነጥቦች ከተቀራረቡ በመካከላቸው ያለው መንገድ ችግር አለበት ማለት ነው፤ ወይ ዳገት፣ ወይ ዙሪያ፣ ወይ ፀሐይ። እኔ ሌቭል በሚባለው የከፍታ መለኪያ የምለካውን እሱ በሰው ትከሻ ይለካ ነበር፤ ውጤታችን ብዙ ጊዜ ይገጥማል።

ላጲስ አይጠቀምም። የተሳሳተ መስመር ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ብቻ ያሰምርበታል፤ የቀደመው ከሥር ይነበባል። ስለዚህ የእሱ ወረቀቶች ለዓይን አስቀያሚ ነበሩ። በዚያን ጊዜ አለቃችን የነበረው ሙሴ ሮላን፣ ቁመቱ ረጅም፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ፈረንሳዊ፣ አንድ ቀን ወረቀቱን በሁለት ጣቱ አንሥቶ፣

«አበራ፣ ይህ ንድፍ ነው ወይስ ፀብ?» አለው።

«ፀብ ነው ሙሴ፤ እኔ ተሸንፌያለሁ፤ መንገዱ አሸንፏል» አለው።

ሙሴ ሮላን ሳቀ። ወረቀቱን ግን ለእኔ ሰጥቶ በንጹሕ እንድገለብጠው አዘዘኝ። እንዲህ ሆነን ብዙ ዓመት ሠራን፤ ጋሽ አበራ ይሄዳል፣ እኔ አነጻለሁ፣ ሙሴ ሮላን ይፈርማል። የወደቡን መዳረሻ፣ የነፃ የንግድ ቀጠናውን አንዳንድ የውስጥ መንገዶች፣ ባልባላ በሚባለው ሰፈር የአንድ ትምህርት ቤት አጥርና መግቢያ በዚህ ሁኔታ ነው የተሠሩት። ከዚያ ጋሽ አበራ ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት ወደ ድሬዳዋ ተመለሰ። እኔ ደግሞ የክፍል ኃላፊ ሆንኩና የራሴ መኪና ተሰጠኝ።

የሱፐርማርኬቱ ሥራ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አሥር ወይም አሥራ አንድ ዓመት ይሆነዋል፤ ሮማን በሕይወት እንደነበረች ግን እርግጠኛ ነኝ፤ ስለ መደርደሪያዎቹ ርዝመት በስልክ ነግሬያት ስቃብኛለች። ቦታው ከከተማው ወጣ ብሎ በጭነት መንገዱ ዳር ነው። በአንድ ወገን ሱፐርማርኬቱ፣ ከመንገዱ ማዶ ደግሞ የኢትዮጵያ ተሳቢዎች ተራ የሚጠብቁበት ሰፊ ሜዳ አለ። በሱፐርማርኬቱና በመንገዱ መካከል ጎርፍ የሚወስድ ጥልቅ የሲሚንቶ ቦይ፣ ከቦዩ ቀጥሎ ግንብ፣ ከግንቡ ቀጥሎ የመኪና ማቆሚያ። የእኔ ድርሻ መግቢያውን መንደፍ ነበር።

መግቢያ ከመነደፉ በፊት ማን እንደሚገባ ይቆጠራል። ለዚህ የፈረንሳይ መመሪያ ነበረን፤ ሙሴ ሮላን በጠረጴዛው ላይ እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ያኖረው ነበር። መመሪያው ቆጠራ በተለመደ የሥራ ቀን ይካሄድ፣ የዕረፍት ቀንና በዓል አይቆጠር ይላል፤ ምክንያቱም የዕረፍት ቀን ትራፊክ ያሳስታል። እኔም ሰኞና ማክሰኞ ቆጠርኩ። መኪናዬን በመንገዱ ጥግ አቁሜ፣ ማቀዝቀዣውን ከፍቼ፣ ቅጹን መሪው ላይ ዘርግቼ። በሁለቱ ቀን የእግረኛው ዓምድ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ጥቂት ዘበኞች፣ አንድ ፍየል የሚነዳ ሰው። በሪፖርቱ ላይ «ሊጠቀስ የሚችል የእግረኛ ፍሰት የለም» ብዬ ጻፍኩ። የባለቤቶቹ ወኪል ዐረፍተ ነገሩን ባነበበ ጊዜ ደስ አለው፤ «ደንበኞቻችን በመኪና ነው የሚመጡት» አለ። ሙሴ ሮላን ፈረመ። አንድ የመኪና በር፣ አንድ የዘበኛ ጎጆ፣ የቀረው ግንብ ሆነ።

በዚያው ሰሞን ለጋሽ አበራ ደውዬ ስለ ሥራው ነግሬው ነበር። «እግረኛ የለበትም» ስለው፣ «በማን ቀን ነው የቆጠርከው?» አለኝ። ጥያቄው አልገባኝም ነበር፤ ስለ ጉልበቱ ጠየቅኩትና ወሬው ወደዚያ ዞረ። ይህን ቃል በእርግጥ ብሎኝ ይሁን፣ ወይስ ከጥፋቱ በኋላ እኔ በአፉ ውስጥ ያኖርኩት ይሁን፣ ዛሬ ለመማል አልደፍርም። ጋሽ አበራም የሚጠየቅበት ቦታ የለም፤ ባለፈው ዓመት ድሬዳዋ ተቀብሯል።

ሱፐርማርኬቱ ከተከፈተ ሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ምሳ የምበላበት አንድ የአገር ልጆች ምግብ ቤት ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ከአጠገቤ ሦስት የተሳቢ ሾፌሮች ይበላሉ። አንዱ ዓርብ ዕለት ስላየው አደጋ ይናገር ነበር። ወይንሸት የምትባል የቤት ሠራተኛ ከሱፐርማርኬቱ ዕቃ ይዛ ስትወጣ፣ በመኪናው በር ወደ ኋላ የሚመለስ የዕቃ ማመላለሻ ገጭቷት ቦዩ ውስጥ ወድቃለች። ዳሌዋ ተሰብሯል።

«ያንን አጥር የሠራው ሰውዬ መቼም እግር የለውም» አለ ሁለተኛው።

«እግርስ ይኖረዋል፤ ከመኪና ወርዶ አያውቅም እንጂ» አለ ሦስተኛው።

«ሚስቱም በጀርባዋ ታዝለው ይሆናል።»

ሳቁ። እኔም ፊቴን ወደ ሳህኔ አድርጌ ፈገግ አልኩ፤ ይህን ፈገግታ እስካሁን አልረሳሁትም፤ ስለዚህኛው ትዝታ ጥርጣሬ የለኝም። ከዚያ ተነሥቼ ወጣሁ። ሆስፒታል ልሂድ ብዬ አስቤ ነበር። አልሄድኩም። ሮማን ያኔ መታመም ጀምራ ስለነበር እሱን ለራሴ ምክንያት አደረግኩት። እውነተኛው ምክንያት ግን ምን እንደምላት አለማወቄ ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ ይመስለኛል የበሩ ሥዕል በአእምሮዬ የተሣለው፤ እኔ ሥዬው፣ ሌላ ሰው አጥፍቶት።

እንግዲህ ሆዳን ከሰጠችኝ ሳምንት ዓርቡ ሲደርስ፣ ወደዚያ ቦታ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በእግሬ ሄድኩ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነው። ሚኒባሱ መታጠፊያው ላይ አወረደኝና ቀሪውን በመንገዱ ጠርዝ ተራመድኩ። ጠርዙ ላይ መራመጃ የለም፤ ተሳቢ ባለፈ ቁጥር ነፋሱ ሸሚዝ ይጎትታል። ቦዩ ዘንድ ስደርስ ግንቡን ተከትዬ በሩ ይገኝ ነበር ያልኩበትን ማዕዘን ፈለግኩ። ቆሜ ዓይኔን ጨፈንኩ። የእርሳሱ በር መጣ፤ ደረጃዋ መጣች፤ ከደረጃዋ በስተግራ ደግሞ በንድፉ ላይ እንደ ትንሽ ክብ የተሣለ ዛፍ መጣ። የኒም ዛፍ። ጥላውን ሳይቀር አሰምሬበታለሁ።

ዓይኔን ስገልጥ ከግንቡ እስከ አድማስ አንድ ዛፍ አልነበረም። ኖሮም አያውቅም፤ ቦታው ጥቁር ድንጋይና ጨው ነው። ኒሙ ያለው ባልባላ ነው፤ በትምህርት ቤቱ አጥር አጠገብ። ያ በር የትምህርት ቤቱ በር ነበር። የልጆቹን ዱካ በአፈሩ ላይ አይቶ «እዚህ ጋ ክፈትላቸው» ያለኝም ጋሽ አበራ ነው። እኔ በንጹሕ ገለበጥኩት፤ ያ ብቻ ነው የእኔ ድርሻ። ዓመታት አልፈው፣ የሰው ሐሳብ የሆነውን በር ከሌላ ሰፈር ነቅዬ እዚህ ግንብ ላይ ተክዬው ኖሬአለሁ።

በዚያው ቆሜ ሳለሁ የቤት ሠራተኛ የሆኑ ሴቶች መምጣት ጀመሩ። ሁለት ሆነው፣ አራት ሆነው፣ በነጠላና በሻሽ ከፀሐይ ተሸፍነው፤ የሁሉም ንግግር አማርኛና ኦሮምኛ ነው። በመኪናው በር፣ በመኪኖቹ መካከል ተጠጋግተው ይገባሉ። ሲወጡ የዱቄት ወተት፣ ብርድ ልብስ፣ የልጅ ጫማ፣ ሳሙና ተሸክመዋል። ከዚያ የጭነት መንገዱን ይሻገራሉ። በእያንዳንዱ መሻገሪያ ላይ ሸክማቸውን አስፋልቱ ጠርዝ አሳርፈው ተሳቢ እስኪያልፍ ይቆማሉ። የማሳረፊያው ቦታ ከመረገጡ ብዛት አብረቅርቋል።

ከማዶ፣ በተሳቢዎቹ ሜዳ መግቢያ፣ አንዲት ሴት በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ዕቃውን ትቀበላለች። በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ አፉን በወፍራም መርፌ ትሰፋለች፤ የተቀባዩን ስምና ስልክ በማርከር ትጽፍበታለች፤ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ አዋሽ፣ ወደ አዳማ ለሚሄደው ሾፌር ትሰጣለች። ምርኩዟ ወንበሩ ላይ ተደግፏል። ሳልጠይቃት ማን እንደሆነች አወቅኩ።

«ጋሼ፣ የት ነው የሚሄደው?» አለችኝ እጄን እያየች።

«የምልከው የለኝም። ወይንሸት ነሽ?»

«ነኝ። ማን ልበል?»

«ታደሰ እባላለሁ። መሐንዲስ ነበርኩ።» ከዚያ ያዘጋጀሁት ነገር ሁሉ ጠፋኝ። «ያንን ግንብ የነደፍኩት እኔ ነኝ።»

መርፌዋን አላቆመችም። ስፌቱን ጨርሳ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«ታዲያ ምነው በር ረሱ?»

«ስቆጥር እግረኛ አላየሁም። ሁለት ቀን ሙሉ ቆጥሬ ነበር።»

«መቼ ነው የቆጠሩት?»

«ሰኞና ማክሰኞ።»

ያኔ ቀና ብላ አየችኝ። የተቆጣች አትመስልም፤ የማይገባት ነገር የነገርኳት ነው የሚመስለው።

«ሰኞማ ማን ይለቀናል ጋሼ?» አለች። «ዓርብ ከምሳ በኋላ ነው የምንወጣው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። እርስዎ ያገር ሰው ሆነው ይህን አያውቁም?»

አውቅ ነበር። ዓርብ እዚህ የዕረፍት ቀን ነው፤ በዚህ ከተማ የሚኖር የአገር ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ ራሴ ዓርብ ዓርብ በየመንገዱ አያቸው ነበር፤ ለሮማን መድኃኒት በእነሱ በኩል፣ በሾፌር እጅ ልኬ አውቃለሁ። ቅጹን መሪው ላይ በዘረጋሁ ጊዜ ግን እነዚህን ሴቶች ከመመሪያው ውጭ አስቀመጥኳቸው፤ ለአንድ አፍታም አልታወሱኝም። ይህን ነገርኳት። ሁሉንም አይደለም፤ የምችለውን ያህል። «ይቅርታ» ማለቴን ግን አስታውሳለሁ።

«እሺ» አለች። ሌላ ከረጢት ሳበች። «እዚያ ጥላው ውስጥ ቁጭ ይበሉ፤ ፀሐይ ነው።»

ሰኞ ዕለት የሆዳን ቢሮ ሄድኩ። ገጹን አውጥቼ ሰጠኋት። በሩ በንድፉ ላይ እንደነበረ ማረጋገጥ እንደማልችል ጽፌአለሁ። ማረጋገጥ የምችለው፣ ቆጠራውን እኔ ማካሄዴን፣ በሰኞና በማክሰኞ ማካሄዴን፣ እነዚያም የመንገዱ እግረኞች ከሥራ የማይወጡባቸው ቀናት መሆናቸውን፣ ስለዚህም ስለ እግረኛ የጻፍኩት ዐረፍተ ነገር ስሕተት መሆኑን ነው። ቆጠራው በዓርብ እንዲደገም ጠይቄ ፈርሜአለሁ።

ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ሙሴ ታደሰ፣ በስልክ ነበረ አሉኝ እኮ።»

«ያስታወስኩት የሌላ ቦታ በር ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«አይደለሁም። ለዚህ ነው የማልፈርመው።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ወይንሸት በእናቴ ቤት ነበር የምትሠራው። ያን ቀን ብርድ ልብስ ልትገዛ የላክናት እኛ አይደለንም፤ ለራሷ እናት ልትገዛ ነው የሄደችው፤ ቢሆንም። አንድ መስመር ቢጽፉልኝ በሩ ተከፍቶ ነበር። ማንም የሚቃወምዎ አልነበረም።»

«አውቃለሁ።»

«ይህ ወረቀት የሚጎዳው እርስዎን ነው። በሩን ይከፍት አይከፍት ግን አላውቅም።»

 ያልጻፍኩት መስመር በሩን ይከፍት ነበር፤ እኔንም ነጻ አውጥቶ ጥፋቱን በሩን አጠፋው በሚባለው በሙሴ ሮላን መቃብር ላይ ያኖረው ነበር። በዚህ ሁለተኛው ምክንያት ነው ይበልጥ የፈራሁት። እውነት ሆኖ ቢሆንስ? ከመቶ በአንዱ ዕድል፣ በእርግጥ በር ሥዬ ቢሆንስ? ይህን እያሰብኩ ከደረጃው ወረድኩ።

ወረቀቱ ከደረሰ ከጥቂት ቀን በኋላ ከቀድሞ ቢሮዬ ተደወለልኝ። አሁን በእኔ ቦታ ያለው ሰው በጣም ጨዋ ነው። ሪፖርቱ የቢሮው ስም እንዳለበት፣ ባማክራቸው ይሻል እንደነበር፣ ለጊዜውም ወደ ቢሮው ብቅ ባልል ለሁላችንም እንደሚበጅ ነገረኝ። ሐሙስ ሐሙስ ሄጄ ከነባሮቹ ጋር ሻይ እጠጣ ነበር። እሱም ቀረ።

ከተማው ግን ቆጠራው እንዲደገም ፈቀደ። እኔ ባለጉዳይ ስለሆንኩ መቁጠር አልችልም ነበር። በተቀጠረው ዓርብ ሄጄ ከመንገዱ ማዶ ቆምኩ። ሆዳንና አንዲት የሥራ ባልደረባዋ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሰው፣ ቅጽ ይዘው በመኪናው በር ግራና ቀኝ ቆመዋል። መጀመሪያ የመጡት ሦስት ሴቶች ሰደርያውንና ወረቀቱን ሲያዩ ቆሙ፤ ተመካከሩ፤ ዞረው ወደ መጡበት ተመለሱ። ቀጥለው የመጡትም እንደዚሁ። ሆዳን ከዚያ ሆና ታየኛለች፤ ምን እንደሆነ አልገባትም። እኔን ግን ይህን ለማወቅ ትምህርት አያሻኝም ነበር። ከእነዚህ ሴቶች የብዙዎቹ መኖሪያ ፈቃድ ወይ አልቋል፣ ወይ አሠሪው እጅ ነው፣ ወይ ጭራሽ የለም።

በጉልበቴ የቻልኩትን ያህል ፈጥኜ ደረስኩባቸው።

«ፖሊሶች ናቸው?» አለች አንዷ።

«አይደሉም። መንገድ ሠሪዎች ናቸው። በር ሊከፈትላችሁ ነው የሚቆጥሩት።»

«ስም ይጽፋሉ?»

«ስምም ወረቀትም አይጠይቁም። የሚያልፍ ሰው ብቻ ነው የሚቆጥሩት።»

«እኔ ግን ወፍራም ነኝ፤ ሁለት ብለው እንዳይጽፉኝ» አለች ሌላዋ፤ ሳቁ።

«አብሬአችሁ ልሂድ» አልኳቸው። ተስማሙ። ከፊት ከፊታቸው ሆኜ በሆዳን አጠገብ አለፍን። ሳልፍ በፈረንሳይኛ፣ «እኔን አትጻፊኝ፤ ቁጥሩን አበላሽብሻለሁ» አልኳት፤ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ተመልሼ ተሻግሬ የሚቀጥሉትን ጠበቅኩ። ወይንሸት ከወንበሯ ሆና ለሚመጡት ትጮህላቸዋለች፦ «ሽማግሌውን ተከተሉ፤ ምንም አይሏችሁም።» እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አላውቅም። በዚያ መንገድ ላይ ያን ያህል ሰው አጅቦኝ፣ ያን ያህል ሰው ስለ ቤተሰቡ አውርቶልኝ አያውቅም። እናቷ ዓይኗን የታመመች፣ ወንድሟ ዲፕሎማውን የያዘ፣ ልጇን ለእህቷ ትታ የመጣች። እያንዳንዷ የምትልክለት ሰው አለ።

ይህን እስከጻፍኩበት ቀን ድረስ ስለ በሩ ውሳኔ አልተሰጠም። የባለቤቶቹ ጠበቃ አንድ ዓርብ ማስረጃ አይሆንም ብሏል፤ ሆዳን ሌላ ዓርብ ትጨምራለች።

የዚያን ዕለት የመጨረሻዋ ሴት ሚኒባስ ላይ ከወጣች በኋላ ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር። ውኃ ልግዛ ብዬ ብቻዬን ወደ ሱፐርማርኬቱ አቀናሁ። ሆዳን ቅጿን ማጠፍ ጀምራ ነበር፤ ስታየኝ ማጠፉን ትታ እስክሪብቶዋን መልሳ አወጣች።

«አሁንስ ልጻፍዎ?»

«ተይኝ። እኔ የምልክለት ሰው የለኝም።»

«ቅጹ ለማን እንደሚልኩ አይጠይቅም» አለችና በእግረኛው ዓምድ ላይ አንድ ጭረት አከለች።

ወደ ውስጥ ስገባ ከኋላዬ አንድ መኪና ጡሩምባ ነፋ። ወደ ግንቡ ተጠግቼ አሳለፍኩት።